ትረፍ የተባለችው ኮምፕሬሰር

«አሮጌ መኪና የሚነዳ አንድ ሰው ነበረ» አሉ ሽማግሌው።

ምክር ፍለጋ የመጣችው ሴትዮ ግን የጠየቀቻቸው ስለ መኪና አልነበረም። ስለ እናቷ ነበር። አባቷ ከሞተ ወዲህ እናቷን ከገጠር አምጥታ ቤቷ አስቀምጣታለች። ምግቧ ተዘጋጅቶ ይቀርብላታል፣ ልብሷ ታጥቦ ይሰጣታል፣ ከወንበሯ እንዳትነሣ ሁሉ ነገር እፊቷ ይመጣላታል። እሷ ግን ከጧት እስከ ማታ ታጉረመርማለች። ሽንኩርቱ ወፈረ፣ በሩ ተከፍቶ አደረ፣ ልጆቹ አጉል አደጉ ትላለች። ሠራተኛ አልበረክት አለ። ባል መረረው። «ወንድሜ ጋ ልላካት ወይስ ዝም ብዬ ልቻላት?» ነበር የሴትዮዋ ጥያቄ።

ሽማግሌው ብዙ የሚያወሩ ሰው አልነበሩም። ፊደልም አልቆጠሩም። ጥያቄዋን እስከ መጨረሻው ሰምተው ስለ መኪናው ጀመሩ። ሴትዮዋም እስኪጨርሱ ታገሠች።

ይህ ሰው የሚኖረው ቆላ ነው። አስፋልቱ በረሃውን ሰንጥቆ የሚያልፍበት፣ ቀትር ላይ ውሻ እንኳ ከጥላ የማይወጣበት ከተማ ነው። ነጭ መኪና ነበረችው። ነጭነቷ ከፀሐዩ ብዛት ወደ ቅቤ መልክ ሄዷል፤ መቀመጫዋም ተሰነጣጥቋል። ግን ኤሲ ነበራት። በዚያ አገር ቀዝቃዛ አየር የምትሰጥ መኪና ያለው ሰው ይከበራል። ለቅሶ ሲሆን ሽማግሌ ይጭናል፤ ሠርግ ሲሆን ሙሽራ ይጭናል። እሱም ይህን ያውቃል። ሰው አሳፍሮ መስኮቱን አስዘግቶ ኤሲውን ሲከፍትና ተሳፋሪው «ኡፍፍ!» ሲል፣ ራሱ ያቀዘቀዘው ያህል ደስ ይለዋል።

አንድ ቀን ጧት ሞተሩን ሲያስነሳ ከኮፈኑ ሥር የማያውቀው ድምፅ ሰማ። ግርርር ይላል፤ ድንጋይ ላይ እንደሚጎተት ቆርቆሮ። ነዳጅ ሲሰጠው ይበረታል፤ ሲለቅለት ይላላል። ሰውየው ደነገጠና ሌላ ቦታ ሳይሄድ በቀጥታ ጎረቤቱ ወዳለው ጋራዥ ነዳት።

ባለጋራዡ ኮፈኑን ከፈተ። ረጅም ካቻቢቴ አወጣና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። እዚያ አገር መካኒክ እንዲህ ነው የሚያዳምጠው፤ ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጥ። ዳይናሞውን አዳመጠ፤ ደህና ነው። የውሃውን ፓምፕ አዳመጠ፤ እሱም ደህና ነው። ቀጥሎ የኤሲው ኮምፕሬሰር ላይ አሳረፈው። ጋዙን እየጨመቀች ቅዝቃዜውን የምታመጣው እሷ ናት። ገና ሲነካት ፊቱን አጨማዶ ጆሮውን አሸሸ።

«እቺ ናት» አለ።

«ምን ሆና ነው?»

«አርጅታለች፤ ሌላ ምን ትሆናለች? በዚህ ሙቀት ስንት ዘመን ሙሉ ስትጨምቅ ኖረች። አንተ ብትሆን አትጮህም?»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ትረፍ። ኤሲውን አትክፈተው። ካረፈች ራሷ ዝም ትላለች።»

ሰውየው መኪናውን ይወዳት ስለነበር ምክሩን ከልቡ ተቀበለ። ረስቶም ሆነ ሌላ ሰው ተሳስቶ እንዳይነካት ብሎ ቤት ካለው የቁስል ፕላስተር ቆርጦ የኤሲው መክፈቻ ላይ ለጠፈበት። ተሳፋሪ ላቡን እየጠረገ እጁን ወደዚያ ሲሰድ «ተው፣ ተው! ታማለች፤ እረፍት ላይ ናት» ይለዋል።

እሷ ግን አርፋ ዝም አላለችም። እንዲያውም ባሰባት። በሳምንቱ ድምፁ ወፈረ፤ በወሩ ሰው ለመኪናዋ ሌላ ስም አወጣላት። ሰውየው በገበያው መሀል ሲያልፍ ሻይ ቤት ደጃፍ የተቀመጡት ይጠብቁታል።

«ወፍጮ ቤቱ መጣ! እህል ያላችሁ አውጡ!»

«ጋሼ፣ ዛሬ ምንድነው የሚፈጨው? በቆሎ ነው ማሽላ?»

«የአንተ ምላስ ነው!» ይላል ሰውየው። እየሳቀ ይለዋል እንጂ ቶሎ ለማለፍ ይቸኩላል። ሽማግሌ መጫን ቀረ። ሙሽራ መጫንማ ጭራሽ ተረሳ።

ተመልሶ ወደ ባለጋራዡ ሄደ።

«ነካክተሃታል!» አለ ባለጋራዡ፣ ገና ድምፁን ሲሰማ።

«ማን ይነካታል? ፕላስተሩን እየው፤ እንደ ተለጠፈ ነው።»

«አላረፈችም እንጂ ብታርፍማ እንዲህ አትጮህም ነበር።»

«ከዚህ በላይ ምን ትረፍ? ጭራሽ ሥራ ፈትታለች እኮ!»

ባለጋራዡ እንደገና በካቻቢቴው አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው አብቅቷላታል። የሚያዞራትን ቀበቶ፣ ቺንጋዋን፣ በጥሼ እሷን ፈትቼ ላውጣት። መኪናህ ያለ እሷም ትሄዳለች። እዚህ ከተማ ስንቱ ኤሲውን አስወጥቶ በሰላም ይነዳ የለም እንዴ? መስኮት ለምን ተሠራ?»

ሰውየው ወዲያው እሺ ይል ነበር። ያልቻለው በልጁ ምክንያት ነው።

ትርንጎ የምትባል አንዲት ልጅ አለችው። ከበረሃው ማዶ ካለ ከተማ አግብታ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው፤ እሷም ወሯ ሲገባ ልትመጣ ተስማምተው ነበር። ምጡ ግን ቀደመና እዚያው ወለደች። ሴት ልጅ ወለደች። የትርንጎ እናት እልል ብላ ሳትጨርስ ማልቀስ ጀመረች። ደረጃ ላይ ወድቃ እግሯ ጄሶ ውስጥ ነበር፤ መሄድ አትችልም።

«ልጄን አምጣልኝ» አለችው ባሏን። «መኝታዋን አዘጋጅቻለሁ። መጋረጃውንም ሰቅያለሁ። ገንፎዋን ከሰው እጅ አትበላም።»

«አማቷ አሉ አይደል?»

«ጥሩ ሴት ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው። ግን አማቷ እናቷ አይደሉም። ጡት ማጥባት እንኳ ገና አልሆነላትም አሉ። ትናንት በስልክ ስታለቅስ ሰማኋት። አንተ፣ ልጄን አምጣልኝ ነው የምልህ!»

እንግዲህ ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። አራስ ንፋስ አይመታትም። ተሸፋፍና፣ ተከልላ፣ ቀዳዳ ሁሉ ተደፍኖ ነው የምትቀመጠው፤ ጨቅላዋም እንደዚያው። ያ በረሃ ደግሞ መስኮት ዘግተው የሚያልፉት አይደለም። ከከፈቱት እሳት የመሰለ ንፋስ አቧራ ይዞ ይገባል። ከዘጉት መኪናዋ ምድጃ ትሆናለች። ኤሲዋ ደህና ብትሆን ጭንቅም አልነበረ። ሰውየው ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ። ኮምፕሬሰሯን ቢያስወጣት ጩኸቱ ይቆማል፣ ሙቀቱ ግን አይቀርም። ባያስወጣት ሙቀቱም ጩኸቱም አብረውት ይጓዛሉ።

በመጨረሻ ለባለጋራዡ «ልጄን አይቼ ስመለስ አውጣት። በቃ፤ ቆርጫለሁ» አለውና ለአራስ ገንፎ የሚሆን ቅቤና የአጃ ዱቄት ጭኖ ገና ሳይነጋ መንገድ ጀመረ። በረሃውን መስኮት ከፍቶ፣ መኪናዋ እየጮኸችበት አለፈው። ሲደርስ ልብሱ ከጀርባው ተጣብቆ፣ ጆሮው ደንቁሮ ነበር።

የልጁ አማት፣ እትዬ ደብሪቱ፣ በር ላይ ቆመው ጠበቁት። ትልቅ ሴት ናቸው፤ የሚሰማቸውን ሳይናገሩ የሚውሉ ዓይነት አይደሉም።

«ገና አደባባዩ ጋ ሳሉ ሰማንዎት» አሉት ሳይስሙት። «ጎረቤቴ ጀነሬተር ገዛችሁ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት እትዬ» አለ ሰውየው፣ አንገቱን ደፍቶ።

«እንኳን አብሮ ደስ አለን። ይግቡ፣ ይግቡ። እጅዎን ይታጠቡና ነው ልጅቷን የሚያዩት!»

ትርንጎ መጋረጃ ውስጥ ነበረች። ሕፃኗ ጡቷን ትይዝና ወዲያው ትለቃለች፤ ትለቅና ታለቅሳለች። ሁለቱም በላብ ርሰው ነበር። ትርንጎ አባቷን ስታይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አማቷ እንዳይሰሟት፣ «አባዬ፣ እማዬ ጋ ውሰደኝ» አለችው። «እሳቸው አልበደሉኝም። ሌት ተቀን ነው የሚደክሙልኝ። ግን እማዬን ነው የምፈልገው።» ይህን ብላ እሷም እንደ ልጇ አለቀሰች።

እትዬ ደብሪቱ ከመጋረጃው ወዲያ ሰምተዋል። ያልሰሙ መስለው ምሳ አቀረቡ። ምሳ ከተነሣ በኋላ ግን ነጠላቸውን አጣፉና «ይነሡ፤ መኪናዎን ያሳዩኝ» አሉ። «ልጅን ከእናቷ አልከለክልም። እኔም ስወልድ እናቴን ነበር የፈለግሁት። ግን አራሴን የምጭንበትን ራሴ ተቀምጬ ሳላየው አልሰጥም።»

ቀትር ነበር። መኪናዋ ግቢው መሀል ፀሐይ ላይ ቆማለች። እትዬ ደብሪቱ ኋላ ገቡ። መስኮቱን ሁሉ ይዝጉ አሉ፤ ዘጋ። ያስነሷት አሉ፤ አስነሣት። ግርርር! ከቤት ውስጥ ሕፃኗ ባንና ስታለቅስ ተሰማ። እትዬ ደብሪቱ ላባቸው ከግንባራቸው እየወረደ ጥቂት ተቀመጡ። ሰውየው በመስታወቱ ያያቸዋል። ልጁን ይዞ እንደማይሄድ ከፊታቸው ላይ አነበበው። ሚስቱን ምን ብሎ እንደሚነግራት ማሰብ ጀመረ።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ እትዬ ደብሪቱ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው። ጣታቸው ፕላስተሩ ላይ ነበር።

«የኤሲው መክፈቻ ነው እትዬ።»

«ቆስሏል?»

«አይ… ታማለች። ይቺ የምትጮኸው እሷ ናት። ትረፍ ተብላለች።»

«ማን አላት?»

«መካኒኩ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታርፈው?»

«ቆይታለች። ከፋሲካ በፊት ነው።»

«ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ያረፈች ናት እንዲህ የምትጮኸው?» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «እኔ እኮ ሳርፍ እተኛለሁ!» ይህን እያሉ በጥፍራቸው ፕላስተሩን ላጡት።

ሰውየው እጃቸውን ሊይዝ ተወረወረ። ግን የልጁ አማት ናቸው፤ እጃቸው አይያዝም። ክንዱ አየር ላይ ቀረ። እትዬ ደብሪቱ መክፈቻውን ተጫኑት።

ጠቅ አለ። ጩኸቱም ቆመ።

ግቢው ጸጥ አለ። ሰውየው ሞተሩ የጠፋ መሰለው።

«ገደሏት!» አለ። «እትዬ፣ ምን አደረጉኝ! በምን ልመለስ ነው አሁን?»

በሩን ከፍቶ ዘለለ፤ ኮፈኑን አነሣ። ሞተሩ አልጠፋም። ቺንጋው ይዞራል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ሁሉም ይዞራል። ኮምፕሬሰሯም ትዞራለች። የሚጮህ ግን የለም። ሰውየው እጁን ኮፈኑ ላይ አድርጎ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ከውስጥ እትዬ ደብሪቱ ሲያስሉ ተሰማ። «ኧረ ይሄ ነገር አቧራ ተፋብኝ! የሞተ የእሳት ራት ነው የወጣው!» ጥቂት ቆዩና ደግሞ ድምፃቸው ተለወጠ። «ቆይ… ቆይ። እህ። ይቀዘቅዛል እኮ!»

«እትዬ» አለ ሰውየው ቀስ ብሎ፤ «እስቲ ያጥፉት።»

አጠፉት። ግርርር!

«እስቲ ያብሩት።»

ዝም።

«እንደገና ያጥፉት።»

«ልጅ አደረጉኝ እኮ!» አሉ እትዬ ደብሪቱ፤ ግን አጠፉት፣ አበሩት። እነሱ እንዲህ ሲያደርጉ ጎረቤት በአጥሩ ላይ ይመለከት ጀመር። ሰውየው ግን ማንንም አላየም። በልቡ የሚያስበው አንድ ነገር ነበር። ከየት እንደምትጮህ ተጠይቆ ነበር፤ በካቻቢቴ ተፈልጎ ተገኝቷል። መቼ እንደምትጮህ ግን ማንም አልጠየቀም። እሱ ራሱም አልጠየቀም። ኤሲው ሁልጊዜ ጠፍቶ ስለነበር ማወቂያም አልነበረም።

ያኑ ዕለት መኪናዋን በዚያ ከተማ ወዳለ ጋራዥ ወሰዳት። ለመካኒኩ የነገረው ይህን ብቻ ነው፦ «ስትሠራ ዝም ትላለች፤ ስታርፍ ትጮሃለች።»

መካኒኩ ሳቀ። «ይሄን በስልክ ብትነግረኝም በበቃኝ» አለ። «ኮምፕሬሰሯ ደህና ናት።»

«ምን?»

«ና እየው። ቺንጋው የሚያሽከረክረው ይሄ መዘውር ነው። ሞተሩ እስካለ ድረስ እሱ ይዞራል፤ ማቆሚያ የለውም። ኤሲውን ስታጠፋ እሷ ትቆማለች፤ መዘውሩ ግን ብቻውን በኩሽኔታው፣ በመሀሉ ባለችው ቀለበት ላይ ይሽከረከራል። ኩሽኔታው ደግሞ ግራሶው ደርቋል፤ ስለዚህ ይጮሃል። ኤሲውን ስትከፍት መዘውሩ እሷን ይይዛል፤ ሁለቱ እንደ አንድ ይዞራሉ። ያኔ ኩሽኔታው ላይ የሚፋተግ ነገር የለም። ዝም ይላል።»

«እኔ እኮ ላወጣት ነበር።»

«መቼ?»

«ስመለስ።»

«ጉድ!» አለ መካኒኩ፤ ሳቁም ጠፋ። «ደህናዋን ልትቀብራት ነበራ!»

መዘውሩን ፈታ። ከመሀሉ ኩሽኔታውን አወጣና በመዳፉ ሰጠው። ትንሽ ቀለበት ናት። በጣቱ ሲያሽከረክራት አሸዋ እንደ ገባባት ትንቀጫቀጫለች። በእሷ ፋንታ አዲስ አገባ፣ ሁሉን መልሶ አጠበቀ። ሞተሩ ሲነሣ ኤሲው ጠፍቶ ነበር፤ ጩኸት የለም። ኤሲው ተከፈተ፤ አሁንም ጩኸት የለም። ሰውየው ያን ዝምታ ቆሞ ሰማው። የመኪናዋን ጎማ ተደግፎ ቁጭ አለ።

በማግሥቱ ጧት እትዬ ደብሪቱ አራሳቸውን ራሳቸው ጫኑ። «ይሄም ንፋስ ነው» ብለው የኤሲውን አፍ ሁሉ ወደ ጣራ አዞሩት። ትርንጎን ሦስቴ ሳሟት፤ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉና «ይሂዱ እንግዲህ፣ ሳልጸጸት!» አሉት።

በረሃው እንደ ወትሮው ይነድ ነበር። መስኮቱ ተዘግቷል። ሰውየው እየነዳ ሳለ ከኋላው አንድ ድምፅ ሰማ። በጣም ትንሽ ድምፅ ናት። የመኪና መስሎት ደንግጦ ጆሮውን ጣለ። የመኪና አልነበረም። ሕፃኗ ስትውጥ ነበር። ላቧ ደርቆ፣ ሙቀቱ ለቋት፣ ጡቱን ይዛ ትጠባለች፤ አልለቀቀችውም። ትርንጎ በመስታወቱ አባቷን አየችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። እሱም እየነዳ ያን ድምፅ እየሰማ ሄደ።

ሚስቱ እግሯን በርጩማ ላይ አድርጋ ቀኑን ሙሉ ከመንገዱ የመኪናዋን ጩኸት ስትጠብቅ ውላለች። ጩኸቱ ካልተሰማ አልመጡም ማለት ነው ብላ ተስፋ ቆርጣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ነበር። ከኋላዋ የሕፃን ልቅሶ ሰማች። ዘወር ስትል ትርንጎ ቆማለች።

«ምነው ሳልሰማችሁ!» አለች፤ ጄሶዋን ረስታ ልትነሣ ስትል ባሏ ደግፎ አስቀመጣት።

ባለጋራዡም ነገሩን ሰምቶ መጣ። ኮፈኑን ከፍቶ ቆሞ አዳመጠ፤ ካቻቢቴ አላስፈለገውም። «ትረፍ ያልኩት እኮ አዝኜላት ነው» አለ። ሰውየው አልተቆጣውም። ፕላስተሩን የለጠፈው እሱ ራሱ ነው፤ የለጠፈውም ስለሚወዳት ነበር።

ሽማግሌው እዚህ ላይ ቆሙ። ሴትዮዋ የሚቀጥሉ መስሏት ጠበቀች።

«እናትሽ ምን እንደምትል ነገርሽኝ» አሏት። «ማንን እንደምትናገርም ነገርሽኝ። መቼ መቼ እንደምትል ግን አልነገርሽኝም። እስቲ አስቢው። ዝም ያለችበት ቀን የለም?»

ሴትዮዋ ቆይታ፣ «ሠራተኛዋ ለእህቷ ሠርግ አገሯ ሄዳ ነበር» አለች። «ያን ሰሞን እማዬ ናት ቤቱን የያዘችው። ወጥ ስትሠራ፣ ልጆቹን ስታጥብ… አዎ። ድምፅም አልወጣት። እኔ ደክሟት መስሎኝ አዘንኩላት። ሠራተኛዋ ስትመለስ በቃሽ፣ አሁን አረፍ በይ አልኳት።»

«በማግሥቱስ?»

«ሽንኩርቱ ወፈረ አለች» አለች ሴትዮዋ።

«ልትልኪያት ያሰብሽበት ወንድምሽ ቤትስ ምን ትሠራለች?»

«ምንም። እሱማ ከእኔ ይብሳል፤ ውሃ እንኳ አያስነሳትም።»

«እንግዲያው እዚያም ትጮሃለች» አሉ ሽማግሌው። «አንቺ ክፉ ልጅ አይደለሽም፤ ክብር መስሎሽ ነው። ግን ያ መዘውር አይቆምም፣ ልጄ። ዕድሜዋን ሙሉ ጎህ ሳይቀድ ስትነሣ የኖረች ሴት፣ ወንበር ላይ ስላስቀመጥሻት ውስጧ አይቀመጥም። ሲነጋ ይነሣል፤ ይዞራል። የሚይዘው ሲያጣ ይጮሃል። አንቺ ጩኸቱን ሰምተሽ ይበልጥ ታሳርፊያታለሽ፤ ይበልጥ ስታሳርፊያት ይበልጥ ትጮሃለች፤ አሁን ደግሞ ፈትተሽ ልታወጫት ነው። ደህናዋን እናትሽን! በእርግጥ የደረቀባትም አለ። አባትሽ ሞቶባታል። እሱን አጠገቧ ቁጭ ብለሽ ቀስ እያልሽ ታለሰልሺላታለሽ። መጀመሪያ ግን የለጠፍሽባትን አንሺላት።»

«ምን ላሠራት ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እሷን ጠይቂያት።»

ሴትዮዋ ተነሣች። በር ላይ ስትደርስ ስልኳን አወጣችና እዚያው ቆማ ደወለች።

«እማዬ» አለች። «ለእራት ምን ብንሠራ ይሻላል ትያለሽ?»

ከዚያ በኩል ወንበር ሲገፋ ተሰማ። 

«ምስር አለ?» አለች እናትየው።